ስትወልጂ ክፉኛ ከተቀደድሽ፦ የስፌቱን ሕመም ማስታገሻ መንገዶች

ሕፃኑን ሁሉም እየተቀባበለ ያቅፈዋል፣ ማንን እንደሚመስል ይከራከራል። አንቺ ግን መቀመጥ አቅቶሻል። መሳቅ ያማል፣ ማሳል ያማል፣ ሽንት ቤት መሄድ ደግሞ ገና ስታስቢው ያልብሻል። «ወልደሽ የለ እንዴ፣ ያለ ነው፣ ቻይው» የሚሉሽ አይጠፉም። አትስሚያቸው። ለዚህ ሕመም የሚደረግ ብዙ ነገር አለ፣ አብዛኛውም ቤት ውስጥ የሚሆን ነው። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። ማስታገሻውን ሕመሙ ሳይብስ በሰዓቱ መውሰድ፣ እና ሰገራሽ እንዳይደርቅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መጠንቀቅ። ሌላው ሁሉ ከነዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

የቱ ድረስ እንደተቀደድሽ እወቂ

ሲወልዱ መቀደድ ብዙ ሴት ላይ ይደርሳል፣ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። አንደኛ ደረጃ የሚባለው ቆዳው ብቻ ሲነካ ነው፤ አንዳንዴ ስፌትም አያስፈልገውም። ሁለተኛው በብልትና በፊንጢጣ መሃል ወዳለው ጡንቻ ይገባል። ሦስተኛው የፊንጢጣ መዝጊያ ጡንቻ ጋ ይደርሳል፣ ማለትም ሰገራና ፈስ እንዳያመልጥሽ ይዞ የሚያቆየው ጡንቻ ጋ። አራተኛው እሱንም አልፎ የፊንጢጣውን የውስጥ ሽፋን ይቀድዳል። ከባድ የሚባሉት ሦስተኛውና አራተኛው ናቸው። ይሄን የምጽፈው በዋናነት እነሱ ለደረሱባት ሴት ነው፣ ሁለተኛ ደረጃ የተሰፋችም ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ይጠቅማታል።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የመጀመሪያ ልጅ መሆኑ፣ ሕፃኑ ከ4 ኪሎ በላይ መሆኑ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ መምጣቱ፣ በመሣሪያ ተስቦ መውጣቱ፣ ምጡ መጨረሻ ላይ መርዘሙ፣ እነዚህ ሁሉ ዕድሉን ይጨምሩታል። «በደንብ ስላላማጥሽ ነው» የሚልሽ ካለ ዝም ብለሽ እለፊው።

ከሐኪም ቤት ሳትወጪ ጠይቂ። ስንተኛ ደረጃ ነው? የፊንጢጣው መዝጊያ ጡንቻ ተነክቷል? ክሩ የሚሟሟ ነው? ለሆድ ድርቀት ምን ታዘዘልኝ? መቼ ልመለስ? መልሱን በወረቀት ይዘሽ ውጪ። በቃል ብቻ የነገሩሽን በእንቅልፍ እጦት ውስጥ ሆነሽ አታስታውሺውም፣ በሚቀጥለው እርግዝናሽ ደግሞ ይሄ ወረቀት በጣም ይፈለጋል።

ከባድ መቀደድ ብዙውን ጊዜ የሚሰፋው ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ፣ ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ መርፌ ነው። መርፌው እስኪለቅ ድረስ ምንም ላይሰማሽ ይችላል። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚታለሉት፤ «አላመመኝም» ብለው መድኃኒቱን ይተዉታል፣ ከዚያ ሌሊት ላይ ማደንዘዣው ለቅቆ ሕመሙ ባንዴ ይመጣባቸዋል። ማደንዘዣው ሳይለቅ የመጀመሪያው ማስታገሻ ሆድሽ ውስጥ መግባት አለበት። ነርሷ ካላመጣችልሽ ጠይቂ፣ አትፈሪ።

ምን ያህል ጊዜ ያማል? እብጠቱ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባዶቹ ናቸው፣ ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል። ላይ ላዩ ያለው ስፌት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሟሟል፣ ጡንቻው ውስጥ ያለው ክር ግን እስከ 3 ወር ሊቆይ ይችላል። ከሰው ሰው ስለሚለያይ ቀን አትቁጠሪ። የምታዪው አቅጣጫውን ነው፤ ዛሬ ከትናንት ወዲያው ትንሽ መሻል አለበት። ተሽሎሽ ከነበረ በኋላ መልሶ ከባሰብሽ ያ የተለየ ነገር ነው፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ማስታገሻውን በሰዓት ውሰጂ

መሠረቱ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ነው። ሁለቱም ለምታጠባ እናት ይሆናሉ፣ ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው። የሚሠሩበት መንገድ ስለሚለያይ አብረው ቢወሰዱ አንዱን ብቻ ከመውሰድ ይሻላል። ሐኪምሽ የጻፈልሽ መጠን ካለ እሱን ተከተዪ። ለአዋቂ የተለመደው ግን ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊ ግራሙን 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳያልፍ ነው። አይቡፕሮፌን ደግሞ ባለ 400 ሚሊ ግራሙን 1 ፍሬ በየ8 ሰዓቱ፣ ምግብ ከተበላ በኋላ። ክብደትሽ ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ ወይም ጉበትሽ ላይ ችግር ካለ የፓራሲታሞሉ መጠን መቀነስ አለበት። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም፣ አስም ካለብሽ፣ በእርግዝናው ደም ግፊትሽ ጨምሮ ከነበረ ወይም ስትወልጂ ብዙ ደም ከፈሰሰሽ አይቡፕሮፌኑን ሐኪም ሳትጠይቂ አትጀምሪ። ሌላም አለ። ለጉንፋን የሚሸጡ ብዙ መድኃኒቶች ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ፤ ሳታውቂ እጥፍ እንዳትወስጂ ማሸጊያውን አንብቢ። ዳይክሎፌናክ የአይቡፕሮፌን ዘመድ ስለሆነ ሁለቱ ባንድ ላይ አይወሰዱም። አስፕሪንን ለሕመም ማስታገሻ ብለሽ እያጠባሽ አትውሰጂ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ሲያመኝ እወስዳለሁ» አይሠራም። ከፍ ብሎ የወጣን ሕመም ማውረድ ከባድ ነው፣ ክኒኑ እስኪሠራ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አንድ ሰዓት ይፈጃል። ስልክሽ ላይ ደወል ሙዪ፣ የሌሊቱንም ጭምር። የምትወስጂበትን ሰዓት አልጋሽ አጠገብ ወረቀት ላይ ጻፊ፦ ፓራ 12 ሰዓት፣ አይቡ 2 ሰዓት፣ ፓራ 6 ሰዓት፣ እንዲህ እያልሽ። ሌሊት አምስቴ የተነሳ ሰው «ቅድም ወስጃለሁ ወይስ አልወሰድኩም?» ማለቱ አይቀርም፣ መልሱ ወረቀቱ ላይ ሲሆን የሚያስታምምሽ ሰውም ያውቀዋል። እየቀለለሽ ሲመጣ አንዱን በመጀመሪያ አራርቂ፣ ካልከበደሽ ሌላውን። ሁለቱንም ባንድ ቀን አታቁሚ።

ጠንከር ያሉት ማስታገሻዎች ላይ ትንሽ ልቆይ። ኮዴይንና ትራማዶል ለምታጠባ እናት አይመከሩም። አንዳንድ ሴቶች ሰውነታቸው መድኃኒቱን ቶሎ ወደ ብርቱው ዓይነት ይለውጠዋል፣ ያ በወተት አልፎ የሕፃኑን አተነፋፈስ ሊያዳክም ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 በዚሁ ምክንያት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሌላው ጉዳታቸው ሆድ ማድረቃቸው ነው፣ አንቺ ደግሞ አሁን የምትሸሺው ነገር ቢኖር እሱን ነው። በሁለቱ መሠረታዊ መድኃኒቶች ጨርሶ ካልቻልሽ ሐኪሙ ለሚያጠቡ የሚሻል ሌላ አማራጭ፣ በትንሽ መጠን፣ ለጥቂት ቀናት ሊያዝልሽ ይችላል። ያኔ ሕፃኑን ተከታተዪ፤ ከወትሮው በላይ ከተኛ፣ ለመጥባት ካልነቃ፣ አተነፋፈሱ ካስጨነቀሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ውሰጂው።

በፊንጢጣ የሚገባ ማስታገሻ ወይም የድርቀት መድኃኒት ሲሰጥሽ «ስፌቴ እዚያ ድረስ ነው» በይ። ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ለተሰፋች ሴት፣ ስፌቱን የሠራው ሐኪም ካልፈቀደ፣ በዚያ በኩል ምንም ነገር ባይገባ ይሻላል። አንቲባዮቲክ ከታዘዘልሽ ደግሞ እስከ መጨረሻው ጨርሺው፣ ቁስሉ ቢመረቅዝ የሚመጣው ሕመም ከዚህኛው ጋር አይወዳደርም።

ቅዝቃዜ

በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት በረዶ እብጠቱን ያቀዘቅዛል፣ ያደነዝዛል። በረዶውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ 10 ወይም 15 ደቂቃ ያዢው፣ ከዚያ አንሺው፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት አሳርፈሽ ድገሚ። ንጹሕ ጓንት ውሃ ሞልቶ ቋጥሮ ማቀዝቀዝም ይሠራል፣ ሞዴስ በውሃ አርሶ ፍሪጅ ውስጥ ማቀዝቀዝም እንዲሁ። በቀጥታ ቆዳ ላይ ግን አይነካ፣ በረዶም ያቃጥላል፤ የደነዘዘ ቦታ ደግሞ ሲቃጠል አይታወቅም። በላዩ ላይ አትቀመጪበት፣ ተኝተሽ ነው የምትይዢው።

ሽንት ቤት፣ ዋናው ጉዳይ

ከሽንት እንጀምር። ከከባድ ስፌት በኋላ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ቀን ያህል የሽንት ቱቦ ይቀመጥልሻል። ከወጣ በኋላ ሽንቱ ቁስሉን ሲነካ ያቃጥላል። መፍትሔው ውሃ ነው። ለብ ያለ ውሃ በጆግ ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘሽ ግቢ፣ እየሸናሽ ከፊት በኩል አፍስሺው። ወደ ፊት ጎንበስ ብለሽ ከተቀመጥሽ ሽንቱ ከስፌቱ ይርቃል። «እንዳልሸና» ብለሽ ውሃ መጠጣት መቀነስ ግን ነገሩን ያባብሰዋል፣ የወፈረ ሽንት የበለጠ ያቃጥላል፣ ሆድም ያደርቃል። ቱቦው ከወጣ 6 ሰዓት አልፎ ሽንት አልመጣ ካለሽ ወይም ጠብ ጠብ ብቻ ካለ ተናገሪ። ፊኛ ከመጠን በላይ ሲወጠር ይጎዳል።

አሁን ወደ ትልቁ ፍርሃት። የመጀመሪያው ሰገራ።

ብዙ ሴቶች ከምጡ ይልቅ እሱን እንደፈሩት ይናገራሉ። «ስፌቱ ይበጠስ ይሆን?» ነው ጥያቄው። ለስላሳ ሰገራ ስፌት አይበጥስም። የሚያሳምመውና ስፌቱን የሚያስጨንቀው ደረቅ ሰገራና ማማጥ ነው። ፍርሃቱ ራሱ ወጥመድ ነው፤ ስለፈራሽ ትይዢዋለሽ፣ ስለያዝሽው ይደርቃል፣ ስለደረቀ ያማል፣ ስላመመሽ በሚቀጥለው ቀን የባሰ ትፈሪያለሽ።

ስለዚህ ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከስፌቱ ዕለት ጀምሮ ይታዘዛል፣ ብዙ ጊዜ ላክቱሎስ የሚባለው ጣፋጭ ሽሮፕ ነው። ካልታዘዘልሽ ጠይቂ። ላክቱሎስ የሚሠራው ውሃ ወደ አንጀት በመሳብ ነው፣ ወዲያው አይደለም፣ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ «ገና አልደረቀብኝም» ብለሽ አትጠብቂ። የምትፈልጊው እንደ ጥርስ ሳሙና ለስለስ ያለ ነው። ውሃ ውሃ ከሆነ መጠኑን ቀንሺ እንጂ አታቁሚው፣ ተቅማጥም ለቁስሉ ጥሩ አይደለም። ሆድ ሊነፋ፣ ፈስ ሊበዛ ይችላል፣ ያለ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ቀን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወሰዳል፤ አንዴ በደንብ ስለወጣልሽ ብቻ ጠርሙሱን አታስቀምጪ።

ከመድኃኒቱ ጋር ውሃ በብዛት ጠጪ። ባጠባሽ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ካልሽ ሳታስቢው ብዙ ትጠጪያለሽ። አትክልት፣ ፍራፍሬና ጥራጥሬ ብዪ። ደም አንሶሽ የአይረን ክኒን ታዝዞልሽ ከሆነ እሱ ሆድ እንደሚያደርቅ እወቂ። ራስሽ አታቁሚው፤ የድርቀቱ መድኃኒት መጨመር ወይም የአይረኑ ዓይነት መቀየር እንደሚቻል ሐኪሙን ጠይቂው።

ሲመጣብሽ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ስሜቱ እንደመጣ ሂጂ፣ አታቆዪው። ከተቻለ ማስታገሻ ከወሰድሽ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው። የምትቀመጪበት ሽንት ቤት ከሆነ እግርሽን ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አድርጊ፣ ጉልበትሽ ከዳሌሽ ከፍ ይበል። ወደ ፊት ጎንበስ በይ፣ ክርንሽን ጉልበትሽ ላይ አስደግፊ፣ ሆድሽን ልቀቂው። ንጹሕ ሞዴስ ወይም እጥፍጥፍ ያለ ሶፍት በእጅሽ ይዘሽ ከፊት በኩል ስፌቱን ደገፍ አድርገሽ ያዢው። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን «ሊወጣ ነው፣ ሊከፈት ነው» የሚለውን ስሜት የሚያረጋጋው እሱ ነው። ትንፋሽ ይዘሽ አታምጪ፤ አፍሽን ከፈት አድርገሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። በ10 ደቂቃ ካልመጣ ተነሺና ሌላ ጊዜ ሞክሪ። ስልክ ይዞ መግባት አሁን አይሆንም፣ ረጅም መቀመጥ እብጠቱንም ኪንታሮቱንም ያብሳል። ሲያልቅ በለብታ ውሃ ታጠቢ፣ ከፊት ወደ ኋላ። አትፈትጊ፣ በለስላሳ ጨርቅ እየነካካሽ አድርቂ። ሦስት ቀን አልፎ ምንም ካልወጣሽ ወደ ሐኪም ደውዪ፣ በራስሽ ብርቱ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትጀምሪ።

መቀመጥ፣ መተኛት፣ ማጥባት

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብዙውን ሰዓት ተኚ። ሲቆሙም ሲቀመጡም ደምና ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቦታው ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል። ማታ ማታ የሚብሰው ለዚህ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ስትንጎራደጂ ስለዋልሽ። በጎን መተኛት የተሻለው ነው፤ ትራስ በጉልበትሽ መሃል አድርጊ። ልጁንም እንደተኛሽ በጎንሽ አጥቢው፣ አንዴ ከተማርሽው ሕይወት ይቀልልሻል። እንቅልፍ ከወሰደሽ ግን ሕፃኑን የራሱ መኝታ ላይ የሚመልስልሽ ሰው አጠገብሽ ይኑር።

ከአልጋ ስትነሺ ቀጥ ብለሽ አትነሺ። በጎንሽ ዙሪ፣ እግርሽን አውርጂ፣ በእጅሽ ገፍተሽ ተነሺ። ስትቀመጪ መቀመጫሽን ሰብሰብ አድርገሽ ጨምቂው፣ ቀስ ብለሽ ተቀመጪ፣ ከዚያ ልቀቂው። መሃሉ ክፍት የሆነው ክብ ትራስ ላይ ሰው ሁሉ አይስማማም፤ እኔ ለአጭር ጊዜ፣ ለምሳሌ ምግብ እስክትበዪ ይጠቅማል ባይ ነኝ፣ ረጅም ሰዓት ግን በመሃሉ ያለውን ቦታ ወደ ታች ስለሚስበው እብጠት ይጨምራል። ሲያስነጥስሽ ወይም ሲያስልሽ ጡንቻሽን ሰብሰብ አድርጊ፣ እጅሽን በሞዴሱ ላይ አድርገሽ ስፌቱን ደግፊው። ከልጅሽ የከበደ ነገር ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አታንሺ። ባልዲ ውሃ፣ ትልቁን ልጅ፣ ሁሉንም ሌላ ሰው ያንሳ።

ስታጠቢ ከሆድሽ በታች የሚቆርጥ ሕመም ሊመጣ ይችላል። ያ ስፌቱ አይደለም፣ ማህፀንሽ እየተኮማተረ ወደ ቦታው ሲመለስ ነው። ያው ማስታገሻ ያግዘዋል፣ በጥቂት ቀናትም ይጠፋል።

ንጽሕና

እዚህ ላይ ማብዛት ይጎዳል። በቀን አንዴ ሁለቴና ከሽንት ቤት በኋላ ንጹሕ ውሃ ብቻ። ጨው፣ ዴቶል፣ ሽቶ ያለው ሳሙና፣ ፓውደር፣ ቅባት፣ አንዳቸውም አያስፈልጉም፤ ቆዳውን ያደርቁታል፣ ያስቆጡታል። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ንጹሕ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጎ 10 ደቂቃ መቀመጥ ብዙዎችን ያሳርፋል። ከዚያ በላይ አትዘፍዝፊው፣ ቆዳው ይረጥባል። ሞዴስሽን በየ3 እና 4 ሰዓቱ ቀይሪ፣ ከመቀየርሽ በፊትም በኋላም እጅሽን ታጠቢ። በቀን አንዴ ሁለቴ ፎጣ ዘርግተሽ ያለ ፓንት 10 ደቂቃ ተኚ፣ አየር ያግኘው።

በሳምንቱ ገደማ ማሳከክ ይጀምራል፣ እየዳነ ነው። ሞዴስሽ ላይ የክር ቁራጭ ብታዪ አትደንግጪ፣ ሟሙቶ ሲወድቅ ነው። ከቻልሽ በትንሽ መስታወት እዪው። መጀመሪያ ያስደነግጣል። ግን ዛሬ ምን እንደሚመስል ካወቅሽ በሚቀጥለው ሳምንት ሲከፈት ወይም ሲቀላ ትለይዋለሽ። ማየት ካልፈለግሽ ደግሞ ግዴታ የለብሽም።

ጡንቻውን ማንቃት

የሽንት ቱቦው ከወጣና ሕመሙ ከፈቀደልሽ በቀናት ውስጥ የዳሌ ወለል ጡንቻ (ፊኛን፣ ማህፀንንና ፊንጢጣን ከታች ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ) እንቅስቃሴ መጀመር ትችያለሽ። ለቦታው ደም ስለሚያመጣ እብጠቱንም ይቀንሳል። ተኝተሽ ጀምሪ። ፈስ እንዳያመልጥሽ፣ ሽንትም እንዳይመጣ እንደምትይዢ አስቢ፣ ወደ ላይ ወደ ውስጥ ሳቢው፣ ትንፋሽሽን ሳትይዢ 3 ሰከንድ ቆዪ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቂው። መልቀቁ ከመሳቡ እኩል ያስፈልጋል። ያመማት ሴት ሳታውቀው ቀኑን ሙሉ ጡንቻዋን ጨምቃ ስለምትውል መልቀቅን መልመድ በራሱ ሕመም ይቀንሳል። ቀስ በቀስ ወደ 10 ሰከንድ ታደርሺዋለሽ። እየሸናሽ መሃል ላይ በማቋረጥ ግን አትለማመጂው። እንደ ስለት የሚወጋ ሕመም ከተሰማሽ አቁሚ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ቀለል አድርገሽ ሞክሪ።

ይሄ ከመጣ አትጠብቂ

ተሽሎሽ የነበረው ሕመም መልሶ ከጨመረ፣ ትኩሳትሽ 38 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ቁስሉ ከቀላና ከጋለ፣ መግል ካወጣ፣ መጥፎ ሽታ ካመጣ፣ ወይም ከተከፈተ በዚያኑ ቀን ታዪ። ሰገራ ወይም ፈስ በብልት በኩል ከመጣብሽ ሳታፍሪ ተናገሪ። በሁለቱ መሃል ቀዳዳ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል፣ ፊስቱላ የሚባለው፣ እና በራሱ ይድናል ብለሽ የምትጠብቂው ነገር አይደለም። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚሞላ ደም፣ አንድ እግር ብቻ ሲያብጥና ባት ሲያም፣ የደረት ሕመምና ትንፋሽ ማጠር፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ እነዚህ ከስፌቱ ጋር ባይገናኙም በአራስነት ወቅት ድንገተኛ ናቸው። ሌሊትም ቢሆን ሂጂ።

ከሳምንታት በኋላ

ከባድ መቀደድ የደረሰባት ሴት ከወለደች ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መታየት አለባት። በዚያ ቀጠሮ «ደህና ነኝ» ብለሽ አትውጪ። ፈስ መያዝ ትችያለሽ? ሰገራ ሲመጣ ሽንት ቤት እስክትደርሺ ይቆያል? ፓንትሽ ላይ ነጠብጣብ ታያለሽ? ስትቀመጪ አንድ ነጥብ ላይ ይወጋሻል? እነዚህን ራስሽ አንሺ፣ ሐኪሙ ቢያፍር እንኳ። በእንግሊዝ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያ መሠረት የፊንጢጣ መዝጊያ ጡንቻቸው ከተሰፋላቸው ሴቶች ከ60 እስከ 80 በመቶው ከአንድ ዓመት በኋላ ምንም ምልክት የላቸውም። ለቀሩትም ፊዚዮቴራፒ፣ መድኃኒትና አስፈላጊ ሲሆን ቀዶ ጥገና አለ። ጠባሳው ላይ የሚቀር ሕመምም ይታከማል፤ አንዳንዴ ቁስሉ ላይ የበቀለ ትርፍ ሥጋ ነው፣ አንዳንዴ ከመጠን በላይ የተኮማተረ ጡንቻ።

ግንኙነትን በተመለከተ የተቆረጠ ቀን የለም። ደሙ ቆሞ፣ ቁስሉ ድኖ፣ አንቺም ስትፈልጊ። የምታጠባ ሴት ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚቀንስባት ብልቷ ይደርቃል፣ ስለዚህ ሕመሙ ሁሉ ከስፌቱ ላይሆን ይችላል። ውሃ ላይ የተመሠረተ ማለስለሻ ተጠቀሙ፣ ቀስ በሉ፣ ካመመሽ አቁሙ። ባልሽ ይሄን ክፍል ቢያነበው አይከፋም።

ስለ ወሊዱ ስታስቢ ልብሽ የሚመታ ከሆነ፣ በሕልምሽ የሚመላለስ ከሆነ፣ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ ስታለቅሺ ከቆየሽ ያንንም እንደ ስፌቱ ተናገሪው፣ ሕክምና አለው። ሌላ ልጅ ካሰብሽ ደግሞ ያ ያስቀመጥሽው ወረቀት ያኔ ይወጣል። ብዙዎች በሚቀጥለው በምጥ ይወልዳሉ። ሰገራና ፈስ የመያዝ ችግሩ ያልለቀቃት ሴት ግን በቀዶ ጥገና መውለድን ከሐኪሟ ጋር ልትነጋገርበት ይገባል፣ ይሄም ገና በእርግዝናው መጀመሪያ አካባቢ የሚነሳ ጉዳይ ነው።